እንዶድ፣ ቀንድ አውጣና የውሃ አማና

(በራዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለመጽሔት የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በመስኖ አትክልት ከሚያለሙ ወንድሞቻችን ዘንድ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። «ጎመናችንንና ሰላጣችንን ቀንድ አውጣ ፈጀብን። ከሱቅ የሚገዛው መድኃኒት ዋጋው አልቀመስ አለን፤ ደግሞም ልጆችና ከብቶች አሉን። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ሲባል እንሰማለን። ወቅጠን ብንረጨው ወይም በቦዩ ብንለቀው ምን አለበት? ተክል አይደለም እንዴ?» ይላሉ።

ጥያቄው በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ «አዎን፣ ይገድላል» ነው። ሁለተኛው «ተክል ስለሆነ ምን አለበት?» የሚለው ነው። በዚህኛው ላይ ግን ቆም ብለን መነጋገር ይገባናል። ሰብልን ለማዳን የተወሰደ እርምጃ የጎረቤትን ዓሣ፣ የከብቶችን መጠጥና የልጆችን ዓይን ሊጎዳ ይችላልና ነው።

በወንዝ ዳር የታየው ምልክት

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ስለ ቢልሐርዚያ በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ከወንዞች እየለቀሙ ሲመረምሩ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ላይ ደረሱ። ሴቶቹ እንደ እናቶቻችን ሁሉ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው በአረፋው ነጠላና ጋቢ ያጥቡ ነበር። ከማጠቢያው ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዙ ነበሩ። ከማጠቢያው በላይ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ተመራማሪው በሕይወት ያሉትን በዕቃ ይዘው የእንዶድ አረፋ ጨመሩባቸው። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እንዶድ አረፋ እንደሚያወጣና እድፍ እንደሚያስለቅቅ እናቶቻችን ከመቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ተመራማሪው ደግሞ ማንም በየቀኑ አልፎት የሚሄደውን ነገር ቆም ብለው አስተዋሉት። አላህ (ሱ.ወ.) በፍጥረቱ እንድናስተነትን በተደጋጋሚ አዞናል። ማስተንተን ማለት ሰማይን አንጋጦ ማየት ብቻ አይደለም፤ የወንዝን ዳርቻም በጥያቄ ዓይን ማየት ነው።

ከዚያ በኋላ ጥናቱ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ ከተማ ወንዞች ላይ እንዶድ በታቀደ መንገድ ተሞከረ። በአምስቱ ዓመት መጨረሻ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከመቶ 50 ወደ 7 መውረዱ ተመዘገበ። ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህ ዓለም ቢለዩም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እንዶድ እንዴት ይገድላል?

በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አረፋ የሚያወጣው እርሱ ነው። ሳሙና ቅባትን ከልብስ እንደሚያላቅቅ ሁሉ ሳፖኒንም የሕያዋንን ሴል የሸፈነውን ስስ ሽፋን ያፈርሳል። የቀንድ አውጣ ገላ ለስላሳና እርጥብ ስለሆነ ይህ ንጥረ ነገር በፍጥነት ያገኘዋል። በውሃ ውስጥ ለሚኖር ቀንድ አውጣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በሚሊ ግራም የሚቆጠር ጥሩ የእንዶድ ዱቄት በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ኃይሉ በብዛት የሚገኘው ሙሉ በሙሉ ባደገ፣ ነገር ግን ገና ባልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ ውስጥ ነው። እንደ ዝርያውም ይለያያል፤ የአንዱ መንደር እንዶድ ከሌላው መንደር እንዶድ እኩል አይሠራም።

የእንዶድ አንድ መልካም ጠባይ በውሃ ውስጥ ብዙ አለመቆየቱ ነው። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ እየጠፋ ይሄዳል። ይህ ግን ሁለት ነገር እንዳንረሳ ያስገድደናል። የመጀመሪያው፣ እንዶድ የቀንድ አውጣን እንቁላል እምብዛም አይገድልም። አንዴ ተረጭቶ ቢተው ከእንቁላሉ አዲስ ትውልድ ይፈለፈላል። ሁለተኛው፣ ቀንድ አውጣውን በሚገድለው መጠን ዓሣና እንቁራሪትም ይሞታሉ። ዓሣ የሚተነፍስበት ስንጥቡ እንደ ቀንድ አውጣው ገላ ስስ ነውና።

«ተክል ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ስሕተት

አገራችን ውስጥ ብርብራ የሚባል ዛፍ አለ። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ይህን ያደረገው በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ ነው። ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም ዓሣ በአንድነት ያልቃል። ትምባሆም ተክል ነው። በውስጡ ያለው ኒኮቲን ግን በቆዳ በኩል ሳይቀር ወደ ሰው ደም ገብቶ የሚመርዝ ነው። ኒም የሚባለው ዛፍ ደግሞ በነፍሳት ላይ ባለው ኃይል ይታወቃል፤ ነፍሳትን የሚከላከል ሁሉ ቀንድ አውጣን ይከላከላል ማለት ግን አይደለም።

በምሥራቅ እስያ ገበሬዎች ከሻይ ዘር ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ በሩዝ ማሳ ላይ ለቀንድ አውጣ ይበትናሉ። በውስጡ ያለውም እንደ እንዶድ ሳፖኒን ነው። ይኸው ፋጉሎ በዓሣና በሽሪምፕ ኩሬዎች ውስጥ የማይፈለግን ዓሣ ለመግደል ይሸጣል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በማሳው ላይ የበተነው ለጎረቤቱ ኩሬ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ይህን ስንል ከፋብሪካ የሚወጣው ይሻላል ማለታችን አይደለም። ሜታልዴሃይድ የተባለውን የቀንድ አውጣ መርዝ ታላቋ ብሪታንያ አእዋፍንና አጥቢ እንስሳትን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2022 ከቤት ውጭ እንዳይረጭ ከልክላለች። ለማለት የፈለግነው ይህ ነው፦ መርዝ ከየትም ይምጣ መርዝ ነው። ልዩነቱ ያለው በመጠኑ፣ በቦታውና በያዡ እጅ ላይ ነው።

ሸሪዓ ምን ያስተምረናል?

ሰብልን የሚያጠፋ ተባይን መከላከል የተፈቀደ ነው። ገበሬ ሰብሉን መጠበቁም ቤተሰቡን ከመመገብ ግዴታው የሚመነጭ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት አስተምረዋል። ይህ ታላቅ ማጽናኛ ነው። ወፍ የወሰደችው እንኳ የማይጠፋበት ገበሬ በተባይ ምክንያት ልቡ ሊጠብና ያገኘውን መርዝ ሁሉ ሊደፋ አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት መመሪያዎች አሉን። አንደኛው፣ በራስም ሆነ በሌላው ላይ ጉዳት ማድረስ የተከለከለ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ውሃ የጋራ ሀብት መሆኑ ነው። በቦይ የሚያልፈው ውሃ በእኔ ማሳ ውስጥ ሲሆን የእኔ መስሎ ይታየኛል፤ ግን ከእኔ በታች ያለ ሰው አማና ነው። ሦስተኛው፣ መግደል በተፈቀደበት ቦታ እንኳ ሥቃይ ሳያበዙ መግደል ነው። በመሆኑም ቀንድ አውጣን ሰብስቦ ጨው እየነሰነሱ ሲቃጠል ማየት ወይም በሕይወቱ እሳት ውስጥ መጨመር የአንድ ሙስሊም ጠባይ አይደለም። በእሳት መቅጣት መከልከሉ የታወቀ ነው። በድንጋይ በአንድ ምት መጨፍለቅ ይሻላል።

በጓሮና በአትክልት መደብ ላይ

አሁን ወደ ጠያቂ ወንድሞቻችን እንመለስ። የእንዶድ ማስረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነው። ጎመን የሚበላው ግን ብዙውን ጊዜ የየብስ ቀንድ አውጣ ነው። ይህኛው ቀኑን ከድንጋይና ከቅጠል ሥር ተደብቆ ይውላል፤ ሲደርቅበትም በቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ አፉን በዝልግልግ ይዘጋል። በቀን የተረጨ ነገር አያገኘውም። በመሆኑም ከእንዶዱ በፊት የሚከተሉትን ማድረግ ይጠቅማል።

ውሃ የሚጠጣው መደብ በማታ ሳይሆን በማለዳ ይጠጣ። ማታ የረጠበ አፈር ለቀንድ አውጣ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ነው። በመደቡ ዙሪያ ያለው አረምና የድንጋይ ክምር ይወገድ። አሮጌ ጆንያ አርሶ ወይም ጣውላ በመደቡ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ማደር ይቻላል። ቀንድ አውጣዎቹ ለመደበቅ ከሥሩ ይሰበሰባሉ፤ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ጆንያውን ገልጦ መልቀም ነው። ሲለቀሙ ግን በባዶ እጅ መሆን የለበትም፤ ጓንት ወይም ላስቲክ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በሳሙና መታጠብ። ደረቅ አመድ በችግኝ ዙሪያ መበተንም ያግዛል፤ ዝናብ ሲመታው ግን ኃይሉ ያልቃል። ዶሮና ዳክዬ ያለው ሰው ችግኙ ከጠነከረ በኋላ ለአጭር ጊዜ ቢለቃቸው ራሳቸው ይለቅሙለታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የእንዶድ ውሃ መሞከር የፈለገ ሰው በመጀመሪያ በአራትና በአምስት ችግኝ ላይ ብቻ ይሞክር። ሁለት ቀን ጠብቆ ቅጠሉ መቃጠል አለመቃጠሉን ይይ። ቅጠሉ ለምግብ ሊቆረጥ በደረሰ አትክልት ላይ አይርጭ። የተረፈውን ወደ ቦይ አይድፋ፤ ዕቃውንም በወንዝ አይጠብ። እንዶድ ሲወቀጥ ብናኙ ዓይንንና አፍንጫን ክፉኛ ያቃጥላል፤ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ሕፃናትን አርቆ መሥራት ያስፈልጋል። እንዶድን መጠጣት ለሰው አደገኛ ነው። በተለይ ነፍሰ ጡር እኅቶቻችን በማንም ምክር እንዳይወስዱት አደራ እንላለን።

በመስኖ ቦይ ውስጥ

በቦይ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህኛው ሰብሉን ባይበላም ገበሬውን ይጎዳል። በቢልሐርዚያ የተያዘ ሰው በውሃ ዳር ሲጸዳዳ ወይም ሲሸና የትሉ እንቁላል ወደ ውሃው ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያም በብዙ መቶዎችና ሺዎች እየሆነ ወደ ውሃው ይወጣል። በውሃው የሚቆም፣ የሚታጠብ ወይም የሚዋኝ ሰው ሳይታወቀው በቆዳው ዘልቆ ይገባበታል። በሽታው አንጀትንና ጉበትን፣ በሌላው ዓይነት ደግሞ የሽንት ፊኛን ይጎዳል። መስኖ በተስፋፋበት በአዋሽ ሸለቆ፣ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ጭምር፣ ይህ በሽታ ቦዩን ተከትሎ መምጣቱ በጥናት የታወቀ ነው።

እንግዲህ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን፣ እንዲሁም ሰው ውሃ በሚቀዳበት፣ በሚያልፍበትና በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን መከልከላቸውን እናስታውስ። የቢልሐርዚያን ዙር ከሥሩ የሚቆርጠው ይህ ትእዛዝ ነው። አንድ መንደር ይህን አክብሮ ቢጠብቅ ቀንድ አውጣው በውሃው ውስጥ ቢኖር እንኳ የሚያስተላልፈው በሽታ አያገኝም። መጸዳጃ ቤት መቆፈርም የዚህ ሱና ክፍል ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በቦይ ላይ ሁለተኛው ሥራ ማጽዳት ነው። ቀንድ አውጣ የሚወደው ዝግ ያለና አረም የበዛበት ውሃ ነው። አረሙ ሲነቀል፣ ቦዩ ሲስተካከልና በተራ ሲደርቅ መኖሪያ ያጣል። ለማጽዳት የሚገባ ሰው ቦት ጫማ ያድርግ። እንዶድ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን አንድ ገበሬ ለብቻው የሚወስነው አይደለም። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ተመካክረው፣ ዓሣ ወዳለበት ወንዝ ወይም ሐይቅ እንደማይወርድ አረጋግጠው፣ ከብት የሚጠጣበትንና ሰው የሚቀዳበትን ሰዓት አስታውቀው፣ መጠኑን ለክተው ሲሠሩት ነው። እንቁላል የሚተርፍ ስለሆነም የሚደገምበት ቀን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከጎረቤት የመጣ ማስጠንቀቂያ

ሩዝ ለሚያመርቱ ወንድሞቻችን አንድ ቃል እንጨምር። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ ትልቅ የውሃ ቀንድ አውጣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለምግብ ተብሎ ወደ ፊሊፒንስና ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች ተወሰደ። ገበያ ሳያገኝ ቀርቶ ተለቀቀና የሩዝ ቡቃያ ፈጀ። ይኸው ቀንድ አውጣ እ.ኤ.አ. በ2020 በጎረቤታችን በኬንያ፣ በምዌያ የሩዝ መስኖ ውስጥ መገኘቱ ተረጋግጧል። ምልክቱ ከውሃው በላይ በሩዝ አገዳ ወይም በእንጨት ላይ የሚለጠፍ ደማቅ ሮዝ ቀለም ያለው የእንቁላል ክምር ነው። በፎገራም ሆነ በሌላ ቦታ ይህን ያየ ሰው ዝም ብሎ አይለፍ፤ በአካባቢው ላለው የግብርና ባለሙያ ወዲያውኑ ያሳውቅ።

የእስያ ገበሬዎች ተሞክሮ የሚያስተምረን ነገር አለ። ከመርዝ በፊት የውሃውን ጥልቀት ወደ አንድና ሁለት ሳንቲ ሜትር ያወርዳሉ፤ ቀንድ አውጣው ለመንቀሳቀስ ይቸገራል። ጠንከር ያለ፣ ሃያ አምስት ቀን ያለፈው ችግኝ ይተክላሉ። የፓፓያና የካሳቫ ቅጠል በማሳው ውስጥ አስቀምጠው ቀንድ አውጣው ሲሰበሰብበት ይለቅማሉ። ከመከር በኋላ ዳክዬ ያሰማራሉ። እነዚህም ከተክልና ከእንስሳት የተገኙ መፍትሔዎች ናቸው፤ ጎረቤትን ግን አይጎዱም። ፎገራ ያለው ገበሬ ይህን አጥብቆ ሊያስብበት ይገባል። ከማሳው የሚወጣው ውሃ የሚወርደው ወደ ጣና ነው፤ በጣና ደግሞ በዓሣ የሚተዳደር ሌላ ቤተሰብ አለ።

ስለ ውዱእ ውሃ

ከመሰናበታችን በፊት ብዙዎች የማያነሱትን ጉዳይ እናንሳ። በገጠር መስጂዶቻችን አካባቢ ውዱእ የሚደረገው ብዙ ጊዜ በወንዝና በቦይ ዳር ነው። እግርን ውሃ ውስጥ ነክሮ ውዱእ ማድረግ ቢልሐርዚያ ባለበት ቦታ ለትሉ በር መክፈት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከቀንድ አውጣው የወጣው ትል ሰው ካላገኘ በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ሦስት በርሜል ያለው መስጂድ ውሃውን ቀንድ አውጣ እንዳይገባ በጨርቅ አጥልሎ ቀድቶ፣ ከድኖ፣ ሁለት ሙሉ ቀንና ሌሊት አቆይቶ በተራ ቢጠቀም ከዚህ በሽታ ይጠበቃል። ይህ ግን ውሃውን ለመጠጥ ንጹሕ አያደርገውም፤ የሚጠጣው መፍላት አለበት። በሽንቱ ወይም በሰገራው ደም ያየ ሰውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ይህን በሽታ ያክማል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዶድ አላህ (ሱ.ወ.) በደጃችን ያበቀለልን ጸጋ ነው። ጸጋን ማመስገን ማለት «ማሻአላህ» ብሎ ማለፍ ብቻ አይደለም፤ ጠባዩን ማወቅና በቦታው ማዋል ጭምር ነው። እናቶቻችን በወንዝ ዳር ወቅጠው ያወረሱንን እውቀት ዓሣ ማጥፊያ ካደረግነው አደራውን በላን ማለት ነው። ለክተን፣ ተመካክረንና ከእኛ በታች ያለውን ሰው አስበን ከተጠቀምንበት ግን ኢንሻአላህ ሰብላችንም ልጆቻችንም ይድናሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ በእርሻችን በረካ ያድርግልን፤ ለሌላው የጉዳት ምክንያት ከመሆን ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።